ለነጭ ጋቢ የሚሆን እጣቢ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የግቢውን የብረት በር ቀለም ሲያስቀባ እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ቀቢው ቆርቆሮውን ከፍቶ አኳራጅ ሲጨምርበት ሽታው አጥሩን ዘሎ መጣ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይይዝ ነበር፤ እኔ ምስሩን አስቀምጬ ተነሣሁና አጥሩ ሥር ሄጄ ቆምኩ። «እማማ፣ ይግቡ እንጂ፣ ራስዎን ያምዎታል» አለኝ ቀቢው። «እኔን ተወኝና አኳራጁን ቀንስ። አቀጠንከው፤ ነገ ብረቱ በቀለሙ ውስጥ ይታይሃል» አልኩት። ሳቀብኝ። «እማማ ደግሞ ስለ ቀለም ያውቃሉ እንዴ?» አለ። ልመልስለት አልኩና ተውኩት። ምን ብዬ ልጀምርለት? ስድስት ዓመት ሙሉ ከመሃል ጣቴ የማይበልጡ የእንጨት ሰዎች ስቀባ እንደኖርኩ፣ በዚያም ምክንያት አባቴ ሁለት ዓመት ያህል የቤቴን ደፍ አልረግጥም ብሎ እንደቆየ ለቀለም ቀቢ በአጥር ላይ ይነገራል? ለእናንተ ልንገራችሁ እንጂ፣ እሱስ ሥራ ላይ ነው።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ያኛው የወታደር መንግሥት ሄዶ ተከታዩ ወንበሩን ገና ሲያስተካክል ነበር፤ ይህን ያህል ይበቃል። አርባ ምንጭ ያኔ ሁለት ከተማ ነበረች፣ አሁንም ሁለት ናት፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ። ብቻ ያኔ ባጃጅ የሚባል ነገር ስላልነበረ ከሲቀላ ሴቻ ለመውጣት ያላችሁ እግራችሁ ነው። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል፤ ሙዝ በቁጥር ሳይሆን በእቅፍ ነበር የሚሸጠው ብል ብዙም አልዋሸሁ። እኛ ሴቶች ሽንሽን ቀሚስ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከታች ኮንጎ ጫማ። ሹራቡ ለደጋው ለጨንቻ ብርድ የተገዛ ነው፤ ሲቀላ ላይ ያቃጥላል፣ ግን ያለን እሱ ነው፣ ደግሞ ያምራል፣ ስለዚህ እያላበን እንለብሰዋለን። መናኸሪያው ጥግ አንድ የካሴት ቤት ነበር፤ ከጠዋት እስከ ማታ አንዱን ካሴት እያገላበጠ ያጫውታል። እኔ የጴንጤ ቤት ልጅ ነኝ፣ ዘፈን አልሰማም። ግጥሙን ግን ከነማዞሪያው በቃሌ አውቀው ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ጆሮ ክዳን የለው! ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ ባንክ ቆሟል። ሳልፍ በመስታወቱ ራሴን አያለሁ፣ አንዲት አሮጊት ከነዘንቢሏ።

ከካሴት ቤቱ ቀጥሎ የጋሽ ከድር ሱቅ ነበር። ጋሽ ከድር የስልጤ ሰው ናቸው፤ ምስማር፣ ገመድ፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም ይሸጣሉ። ወደ ኮንሶና ወደ ኦሞ የሚያልፉት ፈረንጆች መኪናቸው ሲቀላ ላይ ሲቆም የሚገዙት አጥተው ገመድ ሲዳብሱ እያዩ አዘኑላቸው መሰለኝ፣ አንድ ሥራ ፈጠሩ። ከገረሴ አንድ እንጨት ፈልፋይ በወር አንድ ጊዜ ጆንያ ሙሉ ትንንሽ ሰዎች ያመጣላቸዋል፤ እንስራ ያዘለች ሴት፣ መረብ የሚጥል ዓሣ አጥማጅ፣ ዶማ የተሸከመ ገበሬ። እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ ለስላሳ። እኔ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝ ብሎ፣ ከጨንቻ ሥራ ፍለጋ የወረድኩ ነበርኩ። ጋሽ ከድር ስለ ትምህርቴ አንድ ነገር አልጠየቁኝም። «እጅሽን አሳዪኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። «ጣትሽ ቀጭን ነው፤ ነገ ነይ» አሉ። በዚህ ተቀጠርኩ።

ቀለሙ ሦስት ውፍረት አለው፤ ስም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። ከቆርቆሮው እንደወጣ ያለው ገንፎ ይባላል። በአኳራጅ ትንሽ የቀጠነው አጥሚት ነው፤ ለልብሱና ለገላው የምንቀባው እሱን ነው። ሦስተኛው፣ ቀለምነቱ ጠፍቶ ውሃ ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ እጣቢ ይባላል። እጣቢ እንግዲህ ሁላችንም የምናውቀው ነው፣ ዕቃ የታጠበበት ቆሻሻ ውሃ። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ከድር በስኒ ቡናማ እጣቢ በጥብጠው እንዳበቁ ደንበኛ ጠራቸው። ወደ ፊት እየሄዱ «ማርታ፣ እጣቢውን ድፊበት!» አሉኝ። በእንጨት ሰዎቹ ላይ ማለታቸው ነው። እኔ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፣ ቤታችን ጋሞኛ ነው፤ እሳቸውም ቢሆኑ አማርኛን ከሰው ተውሰው በስልጢኛ ጉሮሮ ነው የሚናገሩት። «ድፊበት» እና «ድፊው» ለእኔ ጆሮ ያው አንድ ነበር። ደግሞስ እጣቢ ሌላ ምን ይደረጋል? ስኒውን ይዤ ወጣሁና ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። ስኒውንም አጥቤ አስቀመጥኩ። ሲመለሱ «እጣቢውስ?» አሉ። «ደፋሁት» አልኩ በኩራት። «ሰዎቹ ደረቅ ናቸው እኮ! የት ላይ?» ቦዩን አሳየኋቸው። «ያ ረቢ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ፤ ሊያባርሩኝ ነው ስል ሳቅ ጣላቸውና ምስማር ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። «በይ እንግዲህ፣ የደፋሽውን ራስሽ በጥብጪው» አሉኝ። እጣቢ መበጥበጥ የተማርኩት እንዲህ ነው። እኔም በፈንታዬ አማርኛው ተምታቶብኝ «ጋሽ ከድር መጣች» እያልኩ ሦስት ወር ሙሉ ደንበኛ አሥቄባቸዋለሁ፤ እኩል ነን።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ። ከቡናማው የጥፍር ጫፍ ያህል ትወስዱና፣ ከጥቁሩ ደግሞ የዚያን ሩብ፣ አኳራጅ ጠብታ በጠብታ ትጨምራላችሁ። መድረሱን የማውቀው በአውራ ጣቴ ጥፍር ነበር። አንድ ጠብታ ጥፍሬ ላይ ሳሳርፍ ጥፍሩ ወለል ብሎ ከታየ፣ ቀለሙም ሸሽቶ ጥፍሩ ዙሪያ ቀጭን መስመር ከሠራ፣ ደርሷል። ጥፍሩ ከተሸፈነ ወፍሯል፤ መስመር ካልሠራ ደግሞ ቀጥኖ አልቆለታል። የእንጨት ሰውየው የታች ቀለም ሁለት ቀን መድረቅ አለበት፣ አለዚያ አኳራጁ ይበላዋል። ከዚያ እጣቢውን ከራስ እስከ እግር ትለቁበታላችሁ፤ ያን ጊዜ ሰውየው ከአባያ ሐይቅ ጭቃ የወጣ ይመስላል፣ አታዩት። አንድ መዝሙር ሁለት አዝማች ድረስ ከዘመራችሁ በኋላ በጥጥ ጨርቅ ከላይ ከላዩ ትጠርጉታላችሁ። ጉብ ጉብ ያለው ይጠራል፤ የጎደጎደው ውስጥ ግን እጣቢው ተኝቶ ይቀራል፣ በጣቶቹ መካከል፣ በልብሱ ዕጥፋት፣ በአፉ ዳር። የዓይኑም ነገር እንዲሁ ነው፤ ፈልፋዩ ሁለት ጉድጓድ ብቻ ነው የሚተወው፣ እጣቢው ራሱ ሄዶ ይገባበታል። ቅድም እንጨት የነበረው አሁን ያያችኋል። መጀመሪያ ሲያየኝ ደንግጬ ጨርቁን ጥዬዋለሁ፣ አልዋሽም።

አባቴን ከደፌ ያስቀረውም ይኸው ማየቱ ነው። አባቴ፣ ጌታ ነፍሱን ያሳርፍና፣ ጨንቻ ላይ የታወቀ ሸማኔ ነበር፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ። በወጣትነቱ፣ ጌታን ከማግኘቱ በፊት፣ በእነሱ ቤት ጓዳ የሚፈራ ነገር ነበር፤ ምን እንደነበረ አንድ ቀን ነግሮን አያውቅም፣ ደም ይረጭለት እንደነበር ብቻ ነው የነገረን። ያንን በገዛ እጁ አውጥቶ ያቃጠለው እሱ ነው፤ አባቱ ለዚህ ሳይመርቀው ሞተ። እኔ ሲቀላ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ የሱቁ አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ እየተጣበቀ ቢያስቸግረኝ ሥራውን ወደ ቤት ባመጣሁ ጊዜ፣ አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ። በሩ ላይ ሆኖ መደርደሪያውን አየ። አርባ የሚሆኑ ሰዎች ያዩታል። እግሩን ከደፉ ላይ መለሰና፣ «ማርታ፣ እኔ ከቤት ያወጣሁትን አንቺ መልሰሽ አታስገቢ። እነዚህ ባሉበት ቤት አልገባም» አለ። አልጮኸም። አባቴ ሲቆጣ አይጮህም፣ ክፋቱ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጋቢ ሊሸጥ ሲወርድ ይመጣል፤ አልቀረም። ቆጮና ድንች ያመጣልኛል፣ ድንቹን ደፉ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ በርጩማ አውጥቼ ከፓፓያው ሥር አስቀምጠዋለሁ፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይጸልይልኛል፣ እዚያው ደህና ዋይ ብሎኝ ይሄዳል። ቤት ያከራየችኝ ሴት «አባትሽ ለምንድነው የማይገቡት? ቁንጫ አለ ብለሻቸው ነው?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ መጣ፣ የሲቀላ ዝናብ እንደምታውቁት ሲመጣ ሳያስጠነቅቅ ነው። አባቴ ተነሥቶ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። «አባባ፣ ስለ ጌታ ብለህ ግባ!» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለ። አንድ ትከሻው እየረጠበ ነበር። እኔ ከደፉ ወዲህ፣ እሱ ከደፉ ወዲያ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ተያየን። እሱ ሲሄድ አልጋዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፤ እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፣ ገብቶ እንዲቀመጥልኝ።

ለምን ሥራውን አልተውሽም ትሉኝ ይሆናል። ለሰው ሁሉ «እንጀራዬ ነው» ነበር የምለው። ውሸቴን ነው። የቡና ለቀማም የቢሮ ተላላኪነትም ይገኝ ነበር። ወድጄው ነው። እጣቢው ወርዶ የልብስ ዕጥፋት ሲያወጣ ማየት የሚሰጠኝን ደስታ ሌላ ነገር አልሰጠኝም፤ ልጅ ከወለድኩ በኋላ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሌላ ዓይነት ነው ደስ ያለኝ። ለጋሽ ከድር ብሶቴን ስነግራቸው «አባትሽ እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ ሱቅ ነው እንጂ ቤቴ አስገባቸዋለሁ እንዴ? ባለቤቴ ከእነሱ ጋር ታባርረኛለች» አሉኝ። ጥሩ አጽናኝ አገኘሁ! አባቴ ደግሞ ከሽመናው የሚተርፈውን ቁርጥራጭ ሸማ ያመጣልኝ ነበር። «ለምንሽ ነው?» ይላል። «ለመጥረጊያ» እላለሁ። «የምን መጥረጊያ?» «የዕቃ።» ያውቃል። አውቆ ነው የሚጠይቀኝ፣ አውቆም ነው የሚያመጣው።

ማስቃላ፣ የእኛ የጋሞዎች መስቀል፣ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩ የሆነው። በእኛ አገር ማስቃላ ተኳርፎ አይዋልም፤ የተጣላ ይታረቃል፣ የሄደ ይመለሳል። እኔና አባቴ ግን አልተጣላንም፤ አይገባም እንጂ። ላልተጣላ ሰው ደግሞ አስታራቂ ከየት ይመጣል? በዚያው ሳምንት አንድ ሆቴል ሠላሳ የእንጨት ሸማኔዎች አዝዞ ነበር፤ ነጭ ጋቢ ተከናንቦ በመሸመኛው ፊት የተቀመጠ ሸማኔ። ፈልፋዩ አሳምሮ ሠርቷቸዋል። እኔ ነጩን ቀባሁ፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፣ እጣቢዬን ለቀቅሁበት፣ ጠረግሁ። ጋቢው አደፈ። አቀጠንኩት፤ ያው አደፈ። ጥቁሩን ትቼ ቡናማውን ብቻ አደረግሁ፤ ጭራሽ ጭቃ መሰለ። በስድስተኛው ላይ ተስፋ ቆርጬ ለብርሃኑ ብዬ በሩ አጠገብ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ሳገላብጠው፣ አባቴ ጋቢዎቹን በትከሻው ተሸክሞ ከች አለ። ልደብቀው አልኩ፤ አልቻልኩም።

የምንነጋገረው በጋሞኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የመለስኩላችሁ እኔ ነኝ።

«ምንድነው እሱ?» አለ፣ ከደፉ ወዲያ ቆሞ።

«ምንም አይደል አባባ።»

«አየሁት። ጋቢ ለብሷል።»

«ሸማኔ ነው።»

«የየት አገር ሸማኔ?»

«የጨንቻ።»

ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። ስለ ምስል ሊናገረኝ ነው ብዬ ጆሮዬን አዘጋጀሁ። «የጨንቻ ሸማኔ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እንዲህ ያለ ጋቢ ለብሶ ሰው ፊት ይቀመጣል? ከሰል ሲሸጥ ውሎ ነው?»

«እጣቢው ነው። ዕጥፋቱ እንዲታይ ጥላ ያስፈልገዋል።»

«የነጭ ጥላ ጥቁር ነው ብሎ ያስተማረሽ ማነው?»

ከትከሻው አንዱን ጋቢ አወረደና አራግፎ ክንዱ ላይ ዕጥፍጥፍ አድርጎ ጣለው፣ ፀሐዩ እንዲያገኘው ዞር አለ። «እዪ፣ ዕጥፋቱ ውስጥ ምን አለ?» አየሁ። የሸማኔ ልጅ ነኝ፣ የተወለድኩት ጋቢ ላይ ነው፣ አንድ ቀን አላየሁትም ነበር። ሰማያዊ ነው። የሳሳ፣ አለሁ የለሁም የሚል ሰማያዊ።

«ሰማያዊ ቀለም የለኝማ» አልኩ።

«ነጭ ልብስ ስታጥቢ የምትነክሪበት ሰማያዊ ዱቄትስ? እሱም የለሽም? በምንድነው ልብስሽን የምታነጪው?»

ነበረኝ፤ በወረቀት የተጠቀለለች፣ ከሱቅ የገዛኋት። ቆንጥሬ በውሃ በጠበጥኳት፣ ጥፍሬ ላይ ሞከርኩ፣ በሰባተኛው ሸማኔ ላይ ለቀቅሁት። ውሃው በዘይት ቀለሙ ላይ አልይዝ አለ፤ ነጠብጣብ እየሠራ ቁልቁል ተንከባለለ። «ሳሙና!» አለ አባቴ ከውጭ። «ሳሙና ንኪበት!» ብሩሹን ሳሙና አስነክቼ ደገምኩ፤ ያዘ። ያዘና በዛ፤ ጋቢው ሰማያዊ ሊሆን ነው። «አይ! አይ! ወፈረ! ውሃ ጨምሪበት እንጂ! ኧረ አትለቅልቂው፣ ራሱ ይሂድ ተዪው! አንቺ ልጅ እጅሽ ምን ነካው? ወዲህ ስጪኝ!»

ሰጠሁት። ብሩሹን ከእጄ ወሰደ፣ ሸማኔውንም ወሰደ። ያ የተበጠሰ ክር የሚቀጥል ጣቱ፣ ወፍራም ነው ስትሉት፣ ብሩሹን የያዘው እንደ ክር ነበር። ከጋቢው ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ አሳረፈና ዘንበል አደረገው፤ ጠብታዋ በዕጥፋቱ ውስጥ ሮጣ ሄደች፣ ሌላው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ጋቢ ሆነ። የታጠበ፣ ለበዓል የወጣ ጋቢ። «እንዲህ ነው» አለ፤ ዱቄቱን ፍለጋ ስነሣ የተውኩት በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ እግሩን አየሁ። ሁለቱም ጫማው ከደፉ ወዲህ ነው። ገባህ ካልኩት ይወጣል ብዬ ፈራሁ፤ ምራቄን እንኳ አልዋጥኩም።

ሸማኔውን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ፊቱን አየ፤ ቀድሜ የፊቱን እጣቢ ጨርሼለት ነበር። «ዓይኑን የሠራሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም አባባ። ጉድጓድ ብቻ ነበር። እጣቢው ራሱ ሄዶ ነው የተኛበት።»

ረጅም ጊዜ አየው። ሸማኔውም አየው። አለቀ አልኩ በልቤ፤ አሁን ትዝ አለው፣ አሁን ይነሣል። አጠገቡ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«በእኛ ቤት ጓዳ የነበረው ሰው ያስፈራ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እኔ ራሴ ትልቅ ሰው ሆኜ በፊቱ ማለፍ እፈራ ነበር።» ትንሹን ሸማኔ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ይሄ ምስኪን ማንን ያስፈራል? ሥራውን ነው የሚሠራው።»

መስኮቱ ሥር አስቀመጠውና እጁን ዘረጋ። ስምንተኛውን አቀበልኩት። ከሰዓት በኋላ ስለነበር የአባያ ነፋስ መነሣት ጀምሯል፤ የሲቀላን መንገድ አቧራ እየጠረገ ወደ ግቢው ያስገባል። ብሩሹን ሰማያዊው ውስጥ ነከረ፣ ጥፍሩ ላይ ሞከረ፣ ቀና ሳይል ጠራኝ።

«ማርታ።»

«አቤት አባባ።»

«በሩን ዝጊው እንጂ፣ አቧራ ሊይዛቸው ነው።»

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁት።